ወንዙ ጀልባ የመለሰበት መስመር፦ የቨርጂኒያ ምድርና አሰፋፈር ለልጆች ሲነገር

በግንቦት 1607 ካፒቴን ክርስቶፈር ኒውፖርት ጥቂት ሰዎች አስከትሎ የጄምስን ወንዝ በጀልባ ሽቅብ ተያያዘው። ጄምስታውን የተባለው የእንግሊዞች ሰፈር ከተቆረቆረ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ተጓዦቹ ወንዙ ወርቅ ካለበት አገር፣ ቢቀናቸውም ከሌላ ውቅያኖስ እንደሚያደርሳቸው ተስፋ አድርገዋል። ጥቂት ቀናት እንደቀዘፉ ግን ውሃው በቋጥኞች መካከል እያጓራ የሚወርድበት ስፍራ ደረሱ። ጀልባ አያሳልፍም። መስቀል ተክለው ተመለሱ። ዛሬ በዚያ ቦታ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ትገኛለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የቨርጂኒያ ልጆች ይህን ታሪክ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ክፍል ሲደርሱ ነው። «የቨርጂኒያ ጥናት» በተባለው ትምህርት ግዛቷ በአምስት መልክዓ ምድራዊ ቀጠናዎች እንደምትከፈል ይማራሉ። በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ከእነዚህ ስሞች ጋር የሚተዋወቁት የልጃቸውን የቤት ሥራ ሲያግዙ ነው። ትምህርቱ ከላይ ሲያዩት ስም መሸምደድ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን ማን የት ሰፈረ፣ ለምን ሰፈረ፣ ማንስ ከቀዬው ተነቀለ የሚለው ትልቅ ታሪክ አለበት። ልጆች ካርታውን ከዚህ ታሪክ ጋር አያይዘው ሊማሩት ይገባል።

አምስቱ ቀጠናዎች

ከምሥራቅ ብንነሳ የመጀመሪያው የባሕር ዳርቻው ሜዳ ነው፤ ታይድወተር ይሉታል። ፖቶማክ፣ ራፓሃኖክ፣ ዮርክና ጄምስ የተባሉት አራት ወንዞች ይህን ዝቅተኛ ምድር አቋርጠው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባሉ። ቀጥሎ ጉብታና ረባዳ የሚፈራረቁበት ፒድሞንት ይመጣል። ከዚያ የብሉ ሪጅ ተራሮች፣ ከተራሮቹ ማዶ የሸናንዶዋን ሸለቆ ያቀፈው የሸለቆና የሸንተረር ቀጠና፣ በስተመጨረሻም በደቡብ ምዕራብ ጥግ የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት የአፓላቺያን አምባ።

በሜዳውና በፒድሞንት መካከል «የፏፏቴ መስመር» አለ። የፒድሞንት ጠንካራ ዐለት አብቅቶ የባሕር ዳርቻው ልል ደለል የሚጀምርበት ድንበር ነው። ወንዞቹ ከጠንካራው ወደ ልሉ ምድር ሲወርዱ ይንደረደራሉ። ጄምስ በሪችመንድ በኩል ሲያልፍ በ11 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ወደ 30 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የፖቶማኩ ግሬት ፎልስም የዚሁ ድንበር ሥራ ነው።

መርከብ ከባሕር ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው እስከዚህ መስመር ድረስ ነበር። ስለዚህ ጭነት የሚራገፈው፣ መጋዘን የሚሠራው፣ ገበያ የሚቆመው እዚያው ሆነ። በራፓሃኖክ ላይ ፍሬድሪክስበርግ በ1728፣ በፖቶማክ ላይ አሌክሳንድሪያ በ1749 ተቆረቆሩ፤ ሪችመንድና ፒተርስበርግም በየወንዞቻቸው ፏፏቴ ሥር አደጉ። የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወፍጮ ያንቀሳቅስ ነበር። ዛሬ ኢንተርስቴት 95 የተባለው አውራ ጎዳና እነዚህን ከተሞች ተራ በተራ እየነካ ይሄዳል። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሪችመንድ በመኪና የሚጓዝ ቤተሰብ ባያውቀውም አብዛኛውን መንገድ የፏፏቴውን መስመር ተከትሎ ነው የሚነዳው።

ከመርከቦቹ በፊት

መስመሩን ግን እንግሊዞች አልፈጠሩትም። ከእነርሱ በፊት ሜዳው የአልጎንኪያን ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች አገር ነበር፤ ወደ 30 የሚጠጉ ነገዶች ለታላቁ አለቃ ለፓውሃታን ይገብሩ ነበር። ከፏፏቴው በስተምዕራብ የሚኖሩት ሞናካኖች የሌላ የቋንቋ ቤተሰብ ናቸው፤ ከፓውሃታን ጋርም ባላንጣ ነበሩ። በደቡብ ምዕራብ ቸሮኪዎች ነበሩ። ካፒቴን ጆን ስሚዝ በ1612 ያሳተመው ካርታ የፓውሃታንንና የሞናካኖችን አገር ለይቶ ያሳያል፤ እንግሊዞች በዓይናቸው አይተው የደረሱበትን ወሰንም በትናንሽ መስቀሎች አመልክቷል። ከመስቀሎቹ ማዶ ያለውን የሳለው የአገሬው ሰዎች የነገሩትን ይዞ ነው። የመጀመሪያዎቹ የቨርጂኒያ የመልክዓ ምድር መምህራን እነርሱ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ሕዝቦቹም የታሪክ መጽሐፍ ምዕራፍ ብቻ ሆነው አልቀሩም። ሞናካንን ጨምሮ 6 የቨርጂኒያ ነገዶች በ2018 ከፌዴራል መንግሥቱ ሕጋዊ ዕውቅና አግኝተዋል። ልጆች ስለ እነርሱ በ«ነበሩ» ብቻ ሳይሆን በ«አሉ»ም ሊነገራቸው ይገባል።

ምድሩ የሰጠው፣ ሰው የወሰነው

ኢትዮጵያዊ ወላጅ ለዚህ ትምህርት የራሱ የሆነ ስንቅ አለው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያለ ያደገ ሰው ከፍታ የሰውን ኑሮ እንዴት እንደሚወስን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። በእኛ አገር ገበሬው ወባ ሸሽቶ፣ ዝናብና ለም አፈር ፈልጎ ከፍታውን መረጠ። ቨርጂኒያ ላይ የመጣው አውሮፓዊ ግን መርከቡን የሚያስጠጋበት ጥልቅ ውሃ ፈለገ። ጄምስታውን ረግረግ ላይ የተቆረቆረችው መርከብ ከዛፍ ግንድ ጋር እስኪታሰር ድረስ ዳር የሚጠጋበትና ከስፔን መርከቦች ለመከላከል የሚመች ቦታ ስለነበረ ነው። ዋጋው ከባድ ሆነ። የሚጠጣው ውሃ ጨው የቀላቀለ ነበር፤ በሽታውም በረታ። በ1609 መጨረሻና በ1610 መጀመሪያ የብርድ ወራት በደረሰው ረሃብ በጄምስታውን በሕይወት የተረፉት 60 ያህል ብቻ ነበሩ።

በቨርጂኒያ ትልቁ ተራራ ማውንት ሮጀርስ 1,746 ሜትር ነው። በከፍታው ከአዲስ አበባ ያንሳል፤ በእኛ አከፋፈል ቢመደብ ወይና ደጋ ነው። ሆኖም በረዶ ይጥልበታል። ለምን? ከምድር ወገብ ስለሚርቅ። ልጅና ወላጅ ይህን አንድ ጥያቄ ይዘው ቢወያዩ ስለ ከፍታም ስለ ኬክሮስም ብዙ ይማራሉ።

ቅኝ ግዛቱ በእግሩ እንዲቆም ያደረገው ትምባሆ ነው። ጆን ሮልፍ የተባለ ሰፋሪ በ1612 ገደማ ማልማት ከጀመረ በኋላ ሰፋሪው በከተማ መሰብሰቡን ትቶ በየወንዙ ዳር ተበታተነ፤ ባለእርሻው ትምባሆውን ከራሱ ወደብ ይጭን ነበርና። በ1619 ደግሞ ከአንጎላ ተማርከው የመጡ ከ20 የሚበልጡ አፍሪካውያን ፖይንት ኮምፎርት ላይ ተራገፉ። በ1860 በቨርጂኒያ በባርነት የተያዙት ሰዎች ወደ 490 ሺህ ደርሰው ነበር። አብዛኞቹ ትልልቅ እርሻ በተስፋፋበት በሜዳውና በፒድሞንት ነበሩ፤ ከተራሮቹ ማዶ በምዕራብ ቁጥራቸው አነስተኛ ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲመጣ ምዕራባዊው ክፍል ተገንጥሎ በ1863 ዌስት ቨርጂኒያ ሆነ። ዛሬ በካርታ ላይ የምናየውን ድንበር ያለ ባርነት ታሪክ ማስረዳት አይቻልም።

የሸናንዶዋ ሸለቆ ታሪክ ሌላ ነው። ከ1730ዎቹ ጀምሮ የሞሉት ጀርመኖችና ስኮት አይሪሾች ከባሕሩ በኩል አልመጡም፤ ከፔንስልቬንያ ተነስተው የአገሬው ሕዝቦች ሲሄዱበት የኖሩትን መንገድ በሠረገላ ተከትለው ወረዱ። ብሉ ሪጅ ከምሥራቅ የሚመጣውን ሲያግድ ሸለቆው ለሰሜኑ ክፍት በር ነበር። ስንዴ ዘሩ፤ ሳይረስ ማኮርሚክም በ1831 የማጨጃ መሣሪያውን የሞከረው በዚሁ ሸለቆ ነው።

ያልተነገረው ሲነገር

ይህ ሁሉ ለልጆች እንደዚህ ሲነገር አልኖረም። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1950 ባቋቋመው ኮሚሽን አማካይነት የተዘጋጁት የታሪክ መጻሕፍት በ1957 ለተማሪዎች ተሰራጩ። መጻሕፍቱ ባሪያና ጌታ በፍቅር ይኖሩ እንደነበር ይተርኩ ነበር። ለሰባተኛ ክፍል በተዘጋጀው ውስጥ በደንብ የለበሰ አፍሪካዊ ቤተሰብ ከመርከብ ሲወርድ ነጭ ሰው እጅ ጨብጦ ሲቀበለው የሚያሳይ ሥዕል አለ። እስከ 1970ዎቹ ድረስ የዘለቀ ትምህርት ነበር። ከእነዚያ ክፍሎች የወጣ ልጅ የወንዞቹን ስም በትክክል ሊጠራ ይችል ነበር፤ በወንዞቹ ዳር የሆነውን ግን አያውቅም። ትውልዱ በሙሉ በውሸት ሥዕል ካርታ ማንበብ ተማረ። ይህ ዳግም እንዳይሆን መምህርም ወላጅም ኃላፊነት አለብን።

እኛስ የት ነን?

ሰፈራው አላበቃም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም አሜሪካ የ1980ውን የስደተኞች ሕግ ካወጣች ወዲህ የመጡት፣ መጀመሪያ በዋሽንግተን ከተማ ተሰባሰቡ። ኪራይ ሲወደድ ብዙዎች የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ወደ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን አለፉ። የሳባቸው ምክንያት እንደ ጥንቶቹ ሰፋሪዎች የሚታይና የሚቆጠር ነው፦ የአየር ማረፊያው፣ የታክሲውና የሆቴሉ ሥራ፣ አውቶቡስ የሚደርስበት አፓርታማ፣ ቀድሞ የመጣ ዘመድ፣ ቀጥሎም ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና የእንጀራ መደብሩ። የትምባሆ ወደብ የነበረችው አሌክሳንድሪያ ዛሬ አማርኛ በትምህርት ቤት ኮሪደር የሚሰማባት ከተማ ናት።

ስለዚህ ልጅዎ አምስቱን ቀጠናዎች ሊያጠና ሲቀመጥ አራት ጥያቄ ይጠይቁት፦ እዚህ ቀድሞ ማን ነበር? ማን ፈልጎ መጣ? ማን ተገዶ መጣ? ምድሩ ለእያንዳንዳቸው ምን ሰጣቸው፣ ምንስ ከለከላቸው? እነዚህን ለሜዳውም ለሸለቆውም ለከሰሉ አምባም እየመለሰ ያደገ ልጅ የቤተሰቡን ስደትም በተመሳሳይ ጥያቄ መመርመር ይችላል። ያን ጊዜ የሚኖርባትን ግዛት የሌሎች ታሪክ ብሎ አይተዋትም፤ የራሱን ድርሻ ያውቃል፣ ከእርሱ በፊት የነበሩትንም ያከብራል።