የአየር ጎዳና በኪሎ ሜትር ወይስ በሰዓት?

አባቶቻችን የአንድን አገር ርቀት ሲናገሩ «የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ የሳምንት መንገድ ነው» ይሉ ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን ይህን አነጋገር ልኬት ካለማወቅ የመጣ አድርገን እንቈጥረዋለን። ነገር ግን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውና ከዚያው በረሃ የሚወጣው መንገደኛ በአንድ ጎዳና ላይ እኩል ጊዜ እንደማይፈጁ ለሚያውቅ ሕዝብ፣ ከክንድና ከስንዝር ይልቅ ቀን የታመነ መለኪያ ነበር። የአይሮፕላን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክርላቸዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዚያ ዘመን ዳኮታ አይሮፕላን በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ፣ በአየር ላይ የሚቈይበት ጊዜ ብቻ ከ8 ሰዓት ይበልጥ ነበር። ዛሬ ጄት አይሮፕላን በ4 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ርቀቱ አልተለወጠም፤ ጊዜው ግን በግማሽ ተቀነሰ።

ይህም የተገኘው በሞተር ፍጥነት ብቻ አይደለም። የልደታ አይሮፕላን ማረፊያ ለጄት የማይበቃ በመሆኑ የቦሌ ማረፊያ ተሠራ፤ በጥር ወር 1955 ዓ.ም. የቦይንግ 720 ጄቶች አገልግሎት ጀመሩ።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ የክንፍን የመሸከም ኃይልና የሞተርን ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ለመነሣት ረዥም ሜዳ ይፈልጋል፤ ያም ባይበቃ ጭነቱን ወይም ነዳጁን መቀነስ ግድ ይሆንበታል።

የዚህም ውጤት በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ጎልቶ ይታያል። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣው አይሮፕላን ነዳጁን እስከ ጫፍ ሞልቶ መነሣት ስለሚቸግረው እንደየዘመኑ በሮም፣ በደብሊን ወይም በሎሜ እያረፈ ሲጓዝ ኖሯል፤ ጉዞውም ከነማረፊያው 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ከዋሽንግተን የሚነሣው ግን ማረፊያው ከባሕር ወለል 95 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ በመሆኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሣል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው አየር ነፋስም ከኋላው እየገፋ ያግዘዋል። ስለዚህ ያለ ማረፊያ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ስትታዘዝ ኪሎ ሜትሩን ለፍጥነት አካፍለህ የመድረሻህን ሰዓት አትቍረጥ። ከየት ተነሥተህ ወዴት እንደምትሄድ፣ የት እንደምታርፍም አስቀድመህ ጠይቅ። «የስንት ቀን መንገድ ነው?» ብለው ይጠይቁ የነበሩት አባቶቻችን የጠየቁት ይህንኑ ነበር።