ሁለት ነጥብና ረጅሙ ቁልፍ

ባለፈው የብርድ ወራት፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ አልገፋ ሲለኝ፣ ኪቦርድ መገጣጠም ጀመርኩ። ሰርኪት ቦርዱን፣ ስዊቾቹንና የቁልፍ ሽፋኖቹን ለየብቻ ገዝቶ በእጅ መገጣጠም ዛሬ በየአገሩ ብዙ ሰው የሚያዘወትረው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሁሉም ቁልፍ ደህና ሆኖ አንዱ ብቻ እምቢ አለኝ፤ ከታች በአውራ ጣት የምንጫነው ረጅሙ ቁልፍ፣ ስፔስ ባሩ። ሲጫኑት ይወርዳል፤ ለመመለስ ግን ያመነታል። በፍጥነት ስጽፍ፣ ከወረደበት ሳይነሣ የሚቀጥለው ክፍተት ይደርስበትና ሳይመዘገብ ይቀራል። «ወርቅ ነህ» ብዬ የጻፍኩት «ወርቅነህ» ሆኖ ይወጣል። ምስጋናው የሰው ስም ሆነ ማለት ነው።

ይህን ቁልፍ ለማስተካከል ያጠፋሁት ሳምንት ምዕራፉን አላስጨረሰኝም። አንድ ጥያቄ ግን ጥሎብኝ አለፈ። በቃልና በቃል መካከል ያለው ባዶ ቦታ የእኛ የሆነው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ስለ ቁልፉ። የአንድ ተራ ፊደል ቁልፍ ስፋት 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከሥሩ አንድ ስዊች፣ በስዊቹም ውስጥ አንዲት ትንሽ ሞላ አለች። በአብዛኞቹ የዛሬ ኪቦርዶች ላይ ያለው ስፔስ ባር የዚህን 6.25 እጥፍ ይረዝማል፤ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የእሱም ስዊች አንድ ብቻ ነው፣ መሐሉ ላይ። እንዲህ ያለውን ቁልፍ ጫፉን ቢጫኑት እንደ ሚዛን አንዱ ጎን ሲወርድ ሌላው ይነሣል። ለዚህ የተበጀለት መላ ስታቢላይዘር ይባላል። በቁልፉ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ቤቶች ይቀመጣሉ፤ በየቤቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ምሶሶ አለ፤ ሁለቱን ምሶሶዎች ጫፍና ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ያገናኛቸዋል። አንዱ ጎን ሲወርድ ሽቦው ይዞርና ሌላውንም እኩል ይዞት ይወርዳል።

ችግሩ ሽቦው ቅባት ካልነካው መንኳኳቱ ነው፤ ቆርቆሮ በሚስማር የሚመቱ ይመስላል። ቅባት ከበዛበት ደግሞ ምሶሶው በቤቱ ውስጥ ይጣበቃል። ቁልፉን ከነምሶሶውና ከነሽቦው መልሶ የሚያነሣው የመሐሉ ሞላ ብቻ ነው፤ ጉልበቱም በተለመዱት ስዊቾች ከ45 እስከ 60 ግራም የሚመዝን ነገር ከማንሣት ብዙም አያልፍም። ሽቦው ጥቂት ከጎበጠ፣ ስታቢላይዘሩ የሚሰካበት ቀዳዳ ከጠበበ፣ ወይም ሽፋኑ ራሱ ከተጣመመ ያች ትንሽ ጉልበት ትሸነፋለች። እኔ ድምፁን ለማጥፋት ስል ቅባት አብዝቼ ነበር። ዝምታ ፈልጌ ቁልፉን አሰርኩት።

ረጅሙ ቁልፍ ለኮምፒውተር ከጽሕፈት መኪና የተላለፈ ውርስ ነው። ክሪስቶፈር ሾልስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ የፈለሰፉትን መኪና፣ ጠመንጃና የስፌት መኪና ይሠራ የነበረው ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1874 ለገበያ አወጣው። ከፊደል ቁልፎቹ በታች አግድም የተኛ ዘንግ ነበረው። ዘንጉ ከሌሎቹ ቁልፎች የሚለየው ወረቀቱ ላይ ምንም ባለማሳረፉ ነው። ፊደል የሚመታ ክንድ አልተያያዘበትም፤ ሥራው በመኪናውና በወረቀቱ መካከል ያለውን ቦታ አንድ እርምጃ ማስኬድ ብቻ ነው። ለባዶነት የራሱ ቁልፍ ተሰጠው፤ ያውም ትልቁ። ኮምፒውተር ሲመጣ የመኪናው ጋሪ ቀረ፣ ዘንጉ ግን ከቦታው አልተነሣም። አይቢኤም በ1980ዎቹ አጋማሽ ባወጣው ሞዴል ኤም በተባለው ኪቦርድ ስፔስ ባር ሥር ሽቦ አለ። ቸሪ የተባለው ኩባንያ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ያወጣው ኤምኤክስ ስዊች ደግሞ የእኔ ዓይነቶቹ ኪቦርዶች መለኪያ ሆኗል፤ ገጣጣሚዎች የሚታገሉት ስታቢላይዘርም አብዛኛውን ጊዜ የእሱን አሠራር የተከተለ ነው።

ይህ ሁሉ ሽቦና ቅባት የሚለፋው ለአንድ ባዶ ቦታ ነው። ባዶው ቦታ ግን በምዕራቡም ዓለም ከጥንት የነበረ አይደለም። ሮማውያን በድንጋይ ጽሑፎቻቸው ላይ ቃልን ከቃል በነጥብ ይለዩ ነበር፤ በኋላ ነጥቡን ትተው ቃላትን ያለ ክፍተት አያይዘው መጻፍ ለመዱ። ለላቲኑ ጽሑፍ ክፍተትን የሰጡት በሰባተኛውና በስምንተኛው መቶ ዘመን የነበሩ የአየርላንድ መነኮሳት ናቸው። ላቲን የአፍ መፍቻቸው ስላልነበረ፣ የት ቃል አልቆ የት እንደሚጀምር በዓይናቸው ማየት ያስፈልጋቸው ነበር። ፖል ሴንገር እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው መጽሐፉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ በዓይን ብቻ ማንበብ በአውሮፓ የተስፋፋው በዚህ ክፍተት የተነሣ ነው ብሎ ይከራከራል። በእሱ ክርክር ባዶው ቦታ የአነባበብ መሣሪያ ነው።

የግዕዝ ጽሑፍ ለዚሁ ጥያቄ ሌላ መልስ ነበረው። ዘመዱ የሆነው የደቡብ ዓረብ ጽሑፍ ቃላትን በቀጥታ ሰረዝ ይለያል፤ በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ሁለት ነጥብ ነው። የሁለት ነጥብን ጥቅም ለማየት ከመስመሩ መሐል ይልቅ መጨረሻውን መመልከት ይሻላል። ቁም ጸሐፊው መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን ከፈለገበት ፊደል ላይ ቆርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ያሻግረዋል፤ ማያያዣ ጭረት አያስፈልገውም። ነጥቡ እስካልታየ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ አንባቢው ያውቃል። ባዶ ቦታ ይህን ማድረግ አይችልም፤ በመስመር መጨረሻ ላይ ያለ ባዶ ቦታ ከሕዳጉ ባዶነት አይለይምና። ለዚህ ነው ዛሬ በክፍተት ስንጽፍ ቃልን በመስመር መጨረሻ ለመቁረጥ የምንቸገረው። ብራና ውድ ነበር፤ ሁለት ነጥብ ግን ትንሽ ቀለም ፈጅቶ መስመሩን እስከ ጠርዙ ለመሙላት ያስችል ነበር።

ታዲያ ይህ ምልክት ከዕለት ጽሑፋችን እንዴት ወጣ? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይመስለኝም። መኪናው ግን ድርሻ አለው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ደግሞ ከሃምሳ አይበልጡም። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ ሰዎች የገጠማቸው እንቆቅልሽ ይህ ነበር፤ መፍትሔውም ፊደሉን ከአካሉና ከቅጥያው ከፍሎ በተለያየ ምት ማሳረፍ ሆነ። እንዲህ ባለ መኪና ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ውድ ነው። ሁለት ነጥብ ከእነዚህ ውድ ቁልፎች በአንዱ ላይ መቀመጥ ሲኖርበት፣ ባዶው ቦታ ግን ከአውራ ጣት ሥር ረጅም ዘንግ ተዘርግቶለት በነፃ ይጠብቃል። ጸሐፊዋ በየቃሉ መጨረሻ ጣቷን ወደ ነጥቡ ልትሰድ ትችላለች፤ አውራ ጣቷ ግን ቀድሞ እዚያው ነው።

በኮምፒውተር ዘመን ልዩነቱ ሰፋ። ፊደላችንን በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ በወጣው ሴራ በተባለው ሥርዓት የላቲኑ ኮለን አንዴ ሲመታ ሁለት ነጥብ፣ ሁለቴ ሲመታ አራት ነጥብ ይሰጣል። በአሜሪካ ኪቦርድ ላይ ኮለንን ለማግኘት ሺፍት ይዞ ሌላ ቁልፍ መምታት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲቀበል ሁለት ነጥብንም የቃል መለያ ብሎ መዘገበው። ምልክቱ በመዝገብ ላይ መብቱን አገኘ፤ በጣታችን ላይ ግን አልተመለሰም። አራት ነጥብ ዓረፍተ ነገራችንን ዛሬም ይዘጋል፤ ወንድሙ ሁለት ነጥብ በአብዛኛው ለጸሎት መጻሕፍትና ለቆዩ ኅትመቶች ቀረ።

ይህ ለናፍቆት ብቻ የሚነሣ ነገር ቢሆን ኖሮ እዚህ ባቆምኩ። በስደት ላለ ሰው ግን ክፍተት ዋጋ ያስከፍላል። የአባቴ ስም «ገብረ» ብሎ የሚጀምር፣ በሁለት ቃል የሚጻፍ ስም ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ ባዶው ቦታ ስሙን ለሁለት ቆርጦ «ገብረ»ን የመሐል ስም አደረገው፤ በሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ ተጣብቆ ተጻፈ። ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። «ገብረ» ብቻውን የማን አገልጋይ እንደሆነ የማይናገር ግማሽ ሐረግ ነው። በሁለት ነጥብ ቢጻፍም ሁለት ቃል መሆኑ አይቀርም፤ ነጥቡ ግን ቃላቱን ሲለያያቸው መሐላቸውን ባዶ አያደርገውም። ለቅጹ ባዶ ቦታ ማለት «እዚህ ላይ አለቀ» ነው። ለእኛ ሁለት ነጥብ «ቃሉ አለቀ፣ ነገሩ ይቀጥላል» ማለት ነበር።

ወደ ቁልፉ ልመለስ። ሽፋኑን ነቅዬ ሁለቱን ምሶሶዎች በጣቴ ለየብቻ ጫንኳቸው። ችግሩ ከሽፋኑ ነው ወይስ ከስታቢላይዘሩ የሚለውን የሚለየው ይህ ነው፤ ሽፋን ሳይኖርም የሚያመነታ ከሆነ ጥፋቱ ከታች ነው። ግራው በፍጥነት ተመለሰ፣ ቀኙ እየተጎተተ። ስታቢላይዘሩን ለማውጣት ኪቦርዱን እንደገና መፍታት ነበረብኝ። የፕላስቲክ ቤቶቹን በአልኮል አጠብኩና አደረቅኋቸው። ሽቦውን መስታወት ላይ አስተኝቼ ጫፉን ስጫነው ሌላው ጫፍ ከመስታወቱ ተነሣ፤ ለካ ጎብጦ ኖሯል። በጉጠት በትንሽ በትንሹ እያቃናሁ፣ በሁሉም በኩል እስኪተኛ ድረስ ደጋገምኩት። ከዚያ ወፍራሙን ቅባት በሽቦው ሁለት ጫፎች ላይ ብቻ፣ በፕላስቲኩ ላይ ደግሞ ቀጭኑን በብሩሽ ጫፍ ስስ አድርጌ ቀባሁ። ስገጥመው ቁልፉ ወርዶ ወዲያው ተመለሰ። አልተንኳኳም፣ አልተጣበቀም።

በእጅ የተገጣጠመ ኪቦርድ አንድ መልካም ነገር አለው፤ የትኛው ቁልፍ ምን እንዲሰጥ ባለቤቱ ይወስናል። ስለዚህ ለሙከራ ረጅሙ ቁልፍ በባዶ ቦታ ፈንታ ሁለት ነጥብ እንዲጥል አዘዝኩት። ለሳምንት ያህል ምዕራፌን እንደ ቁም ጸሐፊ ጻፍኩ። ገጹ ጠቆረ፣ ደመቀ፤ እያንዳንዱ ቃል ሲያልቅ ማለቁ ይታየኝ ነበር። እርግጥ መጀመሪያ ላይ ዓይኔ ይሰናከል ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ለመደው። ሳምንቱ ሲያልቅ ስንት ቃል እንደጻፍኩ ለማወቅ ፕሮግራሙን ጠየቅሁት። ብዙ ፕሮግራሞች ቃል የሚቆጥሩት ባዶ ቦታን አይተው ነው። በኩራት የጻፍኩት ሙሉ አንቀጽ አንድ ቃል ተብሎ ተቆጠረ።

ምዕራፉን ለአማካሪዬ የምልከው በባዶ ቦታ ነው፤ መላክ አለብኝና። ረጅሙን ቁልፍም ለባዶው ቦታ መለስኩለት። ከእሱ በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ግን፣ አንድ ስዊች ብቻ ያላትን፣ ሽቦም ስታቢላይዘርም የማያስፈልጋትን፣ ለሁለት ነጥብ ሰጠኋት። የአባቴን ስም የምጽፈው በእሷ ነው።