የጋራ ሥራና የሠሪው ስም

በጋራ የሚሠራ ሥራን ሁሉ አንድ የቆየ ጥያቄ ይከተለዋል። ይኸውም ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ምስጋናው የማን ነው የሚለው ነው። ግንብ ሲቆም የሚነገረው ያሠራው ሰው ስም ነው እንጂ ድንጋዩን የጠረበው፣ ጭቃውን ያቦካው፣ ውሃውን የቀዳችው ስም አይደለም። ይኸው ጥያቄ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ፍጹም አዲስ በሆነ የሙያ መስክ፣ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ፣ እንደገና ተነሥቷል። ዴቢያን የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ታሪክ ለጥያቄው የተሰጠውን መልስ ደረጃ በደረጃ ለመከታተል ስለሚያስችል በጥሞና ሊጤን ይገባዋል።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም በመሠረቱ ሰው የሚጽፈው ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ኩባንያዎች ይህን ጽሑፍ በምስጢር ይዘው ውጤቱን ብቻ መሸጥ እያዘወተሩ ሄዱ። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ ይህን በመቃወም በሴፕቴምበር 1983 ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሙሉ ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ፤ ሥራውንም ግኑ ብሎ ሰየመው። በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሆነውን ሊኑክስን ጽፎ ለሌሎች አቀረበ።

ይሁን እንጂ ክፍሎቹ የተበታተኑ ስለነበሩ አንድ ላይ አዋሕዶ ለተጠቃሚው የሚያደርስ ያስፈልግ ነበር። በኦገስት 1993 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ20 ዓመቱ ኢያን መርዶክ ይህን ተግባር ጀመረ። ሥራውንም በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከዴብራ ስምና ከራሱ ስም አጣምሮ ዴቢያን አለው። በጁን 1996 የወጣው 1.1ኛው እትም 474 የፕሮግራም ጥቅሎችን ይዞ ነበር። በኦገስት 2000 የወጣው 2.2ኛው እትም ግን ከ3,900 በላይ ጥቅሎችን ሲይዝ፣ ያዘጋጁትም ከ450 በላይ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ብሂል በተግባር የታየበት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ድካም እንዳይረሳ ምን ተደረገ? በዴቢያን አሠራር እያንዳንዱ ጥቅል ኃላፊነቱን የተቀበለ ባለሙያ አለው። ከጥቅሉም ጋር የለውጥ መዝገብ ይጓዛል። በመዝገቡ ውስጥ ምን እንደተለወጠ፣ ለምን እንደተለወጠ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተለወጠ ይጻፍና ከግርጌው የሠሪው ስም ይሰፍራል። ጉድለት አግኝቶ ያመለከተ ሰው አቤቱታም በቁጥሩ ይጠቀሳል። ስለዚህ ምስጋና የሥራው አካል ነው እንጂ በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ሥነ ሥርዓት ብቻ አይደለም። መዝገቡን የከፈተ ሁሉ የዘመናት ድካም ከነባለቤቱ ተዘርዝሮ ያገኛል።

ነገር ግን መዝገብ ሥራን ያሳያል እንጂ ሰውን ሙሉ በሙሉ አያሳይም። የጆኤል ክሌከር ታሪክ ይህን በግልጽ ያስረዳል። ክሌከር በባልንጀሮቹ ዘንድ ኤስፒ በሚል ቅጽል ስም ይታወቅ ነበር። ግሊብሲ የተባለውን፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚደገፉበትን መሠረታዊ ክፍል ይንከባከብ ነበር፤ ፓወርፒሲ በተባለው የኮምፒዩተር ዓይነት ላይ ዴቢያን እንዲሠራም ደክሟል። መልእክቶቹን የሚያነቡት የሥራ ጓደኞቹ የሚያውቁት ይህን ብቻ ነበር። በጁላይ 11 ቀን 2000 በ21 ዓመቱ ሲያርፍ ግን፣ ዱሼን በተባለው ጡንቻን የሚያመነምን ሕመም ተይዞ አብዛኛውን ሥራውን በአልጋ ላይ ሆኖ ያከናወነ ወጣት እንደነበረ ታወቀ። ብዙዎቹ ፊቱን አይተውት አያውቁም ነበር። ሕመሙን ምክንያት አድርጎ የሥራ ቅናሽ አልጠየቀም፤ እነርሱም አልጠረጠሩም። በሚቀጥለው ወር የወጣው 2.2ኛው እትም ለመታሰቢያው ተበረከተ። መታሰቢያውም ማኅበሩ የወጣቱን ትጋትና ወዳጅነት ልክ የተረዳው ካረፈ በኋላ መሆኑን በቀጥታ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ይህ ልማድ ቀጠለ። በፌብሩዋሪ 2009 የወጣው 5.0ኛው እትም በዲሴምበር 2008 በመኪና አደጋ ለሞተው ለቲሞ ዞይፈር ተበረከተ። ዞይፈር ከሌሎች ተግባሮቹ ጋር ሥርዓቱን በኮምፒዩተር ላይ የሚተክለውን የመጫኛ ፕሮግራም ከሚያዘጋጁት አንዱ ነበር። በዚሁ እትም የመጫኛው ቋንቋዎች ቁጥር 63 ሲደርስ፣ አዲስ ከተጨመሩት አንዱ አማርኛ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የገባው በ1999 በ3.0ኛው እትም ስለሆነ፣ ይህ የሆነው ከዐሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ፊደሉን ያስመዘገቡት፣ ዓረፍተ ነገሩን የተረጐሙት፣ ፕሮግራሙን የጻፉት ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ።

ተርጓሚው ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ፕሮግራም ጸሐፊው አልተቆጠረም። የማኅበሩ ሙሉ አባልነት፣ ከእርሱም ጋር በየዓመቱ መሪ የመምረጥ መብት፣ ጥቅል ከማዘጋጀት ጋር ተያይዞ ኖሯል። በ2010 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ተርጓሚዎች፣ የመመሪያ ጸሐፊዎችና ሌሎችም ጥቅል የማያዘጋጁ ሠራተኞች ሙሉ አባል እንዲሆኑ በራቸውን ከፈቱ። በዚህ ውሳኔ ምስጋና ከቃል አልፎ ሥልጣንን ወደ ማካፈል ተሸጋገረ።

የመሥራቹ የመርዶክ ተራ የደረሰው ከእነዚህ በኋላ ነው። በዲሴምበር 2015 ሲያርፍ፣ በጁን 2017 የወጣው 9ኛው እትም ለእርሱ ተበረከተ። በአልጋ ላይ ሆኖ ሲሠራ የኖረው ወጣት ያገኘው ክብርና ማኅበሩን የመሠረተው ሰው ያገኘው ክብር በመጠኑ አንድ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የሠሪውን ስም ከሥራው ግርጌ ማኖር ቀላልና ወጪ የሌለው ፍትሕ ነው፤ በሥራው ላይ ድምፅ መስጠት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። መታሰቢያ ግን ምንም ያህል ቢያምር ለባለቤቱ ጆሮ አይደርስም። ጆኤል ክሌከር በሕይወት ሳለ በእርግጥ ያገኘው ምስጋና በየለውጡ መዝገብ ግርጌ የሰፈረው ስሙ ነበር።