እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት በጣና ዳር

በጣና ሐይቅ ገዳማትና አድባራት ንባብ ማስተማር ከዘመናዊ ትምህርት ቤት እጅግ ይቀድማል። የቆሎ ተማሪ ፊደል ቆጥሮ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ይደግማል፤ ምስጢሩን የሚያገኘው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ትርጓሜ ቤት ገብቶ ከመምህሩ አፍ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ንባቡንና ፍቺውን ባንድ ጊዜ ጠየቀ። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ወሰደ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ያዘ። የባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በባዕድ ቋንቋ ስለሚያነብ፣ ምንባብ መረዳት ያቃተው በሁሉም ትምህርት ይቸገራል።

የልምምዱ መልክ ብዙ አልተለወጠም። ምንባቡ ይቀርባል፤ ከሥሩ ጥያቄ ይከተላል። በ5ኛው መስመር ያለው ተውላጠ ስም ማንን ይተካል? የተሰመረበት ቃል ፍቺ ከ«ኤ» እስከ «ዲ» ካሉት የትኛው ነው? ብዙዎች ጥያቄውን አስቀድመው አይተው መልሱን በምንባቡ ውስጥ ያድናሉ፤ ለማትሪክም ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ይሠራሉ። ስልቱ ነጥብ ያስገኛል፣ አንባቢ ግን አያፈራም። አንባቢ የሚያፈራው መጽሐፍ ነው፤ እሱ ደግሞ በብዙ ትምህርት ቤቶች ያጥራል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ በባሕር ዳር ከተማ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ የትምህርት ባለሙያዎችን አሠለጠነ፤ በ1992 ዓ.ም. ከከተማዋ ፖሊ ቴክኒክ ተቋም ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው፣ በቴሌቪዥን የሚሰጠው የፕላዝማ ትምህርት ፍጥነቱ ተማሪውን ጥሎት ይሄድ ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥም የእንግሊዝኛው ምንባብ አልቀረም።