የቀይ አፈርና የሽምግልና ጤና፤ ስለ ዝሆኔ በሽታ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው

በጎጃም ደጋ የቀድሞው ልማድ እንደሚያዝዘው፣ የቤቱ አባት ከእርሻ ወይም ከገበያ ውሎ ማታ ሲመለስ ከራት አስቀድሞ የሚቀርብለት ለብ ያለ ውሃ ነበረ። ልጁ ወይም ምራቱ ዝቅ ብላ እግሩን ታጥበዋለች፤ አጥባ ስትጨርስም እግሩን ትስማለች። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳም ቢሆን እግሩ ሳይታጠብ ለራት አይቀመጥም። ካህናትም በጸሎተ ሐሙስ የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት ሥርዓት እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ይህ ሁሉ የትሕትናና የአክብሮት ምልክት መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የልማዱን ሌላ ፍሬ፣ ይኸውም የጤና ጥቅሙን ነው። በዚህ አገር የሽማግሌውንና የባልቴትዋን ጕልበት ከሚሰብሩት ደዌዎች አንዱ በእግር የሚገባ ነውና፤ ሐኪሞች ብዙ ከደከሙ በኋላ ያገኙት የመጀመሪያ መድኃኒትም እግርን ማጠብ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ደብረ ማርቆስ፣ በቀድሞ ስሟ መንቆረር፣ የጎጃም ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። የተመሠረተችውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከበላይዋ የሚታየው የጮቄ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ የሚነሣ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚፈልቁት ብዙ ወንዞች ዓባይን ይመግባሉ። ይህ ደጋ የጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ ነው። ድንጋዩም በክረምቱ ዝናም ብዛት ለረዥም ዘመን ሲፈርስና ሲደቅ ኖሮ፣ በብዙ ስፍራ ቀይ ሸክላማ አፈር ሆኗል። ለጎጃም ገበሬ እንጀራ የሚሰጠው አፈሩ ነው፤ ባዶ እግሩን ሲረግጠው ለኖረ ሰው ግን ይኸው አፈር የደዌ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ደዌው በሕዝቡ ዘንድ ዝሆኔ ይባላል፤ ያበጠው እግር የዝሆን እግር መስሎ ስለሚታይ ነው። በአብዛኛው የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ገና በጕብዝና ወራት ነው። አስቀድሞ እግር ያቃጥላል፣ ያሳክካል፤ ማታ ማታ የሚያብጠው ጧት ይጐድላል። ዓመታት ሲያልፉ ግን እብጠቱ መጕደሉን ይተዋል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ሽበት ድንጋይም ይሻክራል። ከጊዜ ወደ ጊዜም ትኵሳትና ንፍፊት ይነሣና በሽተኛውን ከአልጋ ያውለዋል፤ ያን ሰሞን ማረስም ሆነ ወደ ገበያ መውጣት አይቻለውም። ሞትን ፈጥኖ የሚያመጣ ደዌ ባለ መሆኑ፣ ሰው በሃያ ዓመቱ ያገኘውን እግር እስከ ሰባ ዓመቱ ተሸክሞ ይኖራል። ስለዚህም የሽምግልና ሸክም ይሁን እንጂ፣ የሚዘራው በልጅነት ነው።

አባቶቻችን እንዴት ባዶ እግራቸውን ኖሩ ቢባል፣ ነገሩ የድህነት ብቻ አልነበረም። ጫማ የሚለው ቃል በአማርኛ የእግርን መርገጫና እግር የሚለበስበትን ዕቃ ሁለቱንም ይጠራል፤ እግር ራሱ ጫማ ነበረና። ባላባቱ ሳይቀር በበቅሎ ሲሄድ አውራ ጣቱን ብቻ በእርካቡ እያስገባ በባዶ እግሩ ይጋልብ ነበር። ወደ ቤተ መቅደስ የሚገባም ጫማውን ያወልቃል። ቅኔ ፍለጋ ወደ ደብረ ኤልያስና ወደ ዲማ የሚጓዘው የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኵፋዳውን አንግቶ፣ አገር ለአገር የዞረው በእግሩ ቆዳ ነው። ከኢጣልያ ጦርነት ወዲህ ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ፣ ቆይቶም ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ በገጠር ገበያ ተስፋፋ። እነዚህ እግርን ከእሾህና ከድንጋይ ያድናሉ፤ ክፍት በሆኑ መጠን ግን ትቢያውንና ጭቃውን አይከለክሉም።

የበሽታው ምክንያት ባልታወቀበት ዘመን ሕዝቡ በየበኩሉ ሲመረምር ኖሯል። አንዳንዱ እርግማን ነው አለ፤ አንዳንዱ የእባብ መርዝ የፈሰሰበትን መርገጥ ነው አለ። ከሁሉ የጠነከረው ግን ደዌው በዘር ይወርዳል የሚለው አሳብ ነው። የጎጃም ሰው ልጁን ለመዳር ሲያስብ ሽማግሎችን ልኮ የወዲያኛውን ወገን አጥንት ያስቈጥራል፤ ዝምድናውን እስከ ሰባት ቤት ሲያጣራ፣ በዚያውም ቍምጥናና ዝሆኔ እንዳለበትና እንደሌለበት ይጠይቃል። ስለዚህ የአንድ ሰው እግር ሲያብጥ የሚታመመው እርሱ ብቻ አይደለም፤ የእኅቱና የልጁ ጋብቻም አብሮ ይታመማል። በዚህም ምክንያት በሽተኛው እግሩን በረዥም ልብስ ይሸፍናል፤ ከሰርግና ከማኅበር ይቀራል፤ ሕክምና ለመጠየቅም ያፍራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ነገር በዝሆኔ ላይ በጕልህ ይታያል።

ምክንያቱን በዕውቀት ለማግኘት የተደረገው ጕዞ ረዥም ነው። ሐኪሞች ዝሆኔን የሚያውቁት በወባ ትንኝ መሰል ነፍሳት ከሚተላለፍ ጥቃቅን ትል የተነሣ በቈላ አገር እንደሚገኝ ደዌ አድርገው ነበር። ሆኖም ይህ የደጋው ደዌ ትሉ በማይኖርበት ከፍታ ላይ ተገኘ፤ እብጠቱም ከእግር ጣት ተነሥቶ ወደ ጕልበት የሚወጣ እንጂ ከብሽሽት የሚወርድ አልሆነም። በ1969 ኦመን የሚባል ሐኪም በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች በ56 ገበያዎች እየተገኘ የገበያተኛውን እግር በመቍጠር ስለ ደዌው ስርጭት ጻፈ። ገበያ በደጋው አገር የሕዝብ መገናኛ በመሆኑ፣ ዘዴው አገሩን ያወቀ ዘዴ ነበር። ከእርሱም በኋላ ለምጽ በሽተኞችን ያክም የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ዓመታት ደዌው የሚበዛበትን ስፍራ ከአፈሩ ዓይነት፣ ከከፍታውና ከዝናሙ መጠን ጋር አስተያየ። እሳተ ገሞራ በፈጠረው ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን በሚሄድ ሰው እግር ውስጥ ከዐይን የተሰወሩ የድንጋይ ብናኞች በቆዳው በኩል ገብተው፣ የእዥ መተላለፊያ የሆኑትን ስስ ቧንቧዎች እያቈሰሉ እንደሚደፍኗቸው አስረዳ። በ1988ም ከግሪክ ቋንቋ እግርና ትቢያ ከሚሉት ቃላት አውጥቶ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጠው።

ከዚህ ዕውቀት የሚወጣው ትምህርት ታላቅ ነው። በሰሜን አፍሪካ ይህ ደዌ ቀድሞ ይታይ ነበር፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ሲለምድ ግን ያለ አንዳች ክትባትና ያለ አንዳች ኪኒን ጠፋ። አፈሩ አልተለወጠም፤ የሕዝቡም ዘር አልተለወጠም። በአፈሩና በቆዳው መካከል አንድ ነገር ስለ ገባ ብቻ ደዌው ቀረ።

ወደ ጎጃም እንመለስ። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ደዌውን ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር ቈጠረው። በዚያው ሰሞን በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ተመራማሪዎች ከ17000 በላይ በሆኑ ቤቶች ላይ ባደረጉት ቈጠራ 1704 በሽተኞች ተገኙ፤ ውጤቱም በ2012 ታተመ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ መካከል ይህ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ለአገሩ ሰው በምሳሌ ብንናገር፣ መቶ ዐዋቂዎች በተሰበሰቡበት ሰንበቴ ላይ ሦስቱ ዝሆኔ ይኖርባቸዋል ማለት ነው፤ አፍረው ካልቀሩ። በ2013 በመላ ኢትዮጵያ የደዌው ካርታ ተሠራ፤ ከዚያም በመነሣት የበሽተኛው ቍጥር አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል እንደሚሆን ተገመተ።

ከቈጠራው ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፣ እግሩ ቀድሞ ላበጠው ሰው ምን ይደረግ የሚል ነበር። የሚመከረው ሕክምና ቀላል ነው። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት ጠብታ በረኪና በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በሚገባ ማድረቅ፣ የተሰነጠቀውን ቆዳ በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ማድረግ ነው። ቀላል መሆኑም ሰውን አጠራጠረ፤ በእርግጥ ይጠቅማልን ተብሎ ተጠየቀ። ለዚህ መልስ ለማግኘት በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ 696 በሽተኞች በዕጣ በሁለት ተከፍለው ለአንድ ዓመት ተጠበቁ። አንዱ ወገን ሕክምናውን ወዲያው ጀመረ፤ ሁለተኛው ወገን ከዓመቱ በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ትኵሳቱና ንፍፊቱ ሕክምናውን ባልጀመሩት ላይ በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲነሣ፣ በጀመሩት ላይ 19.4 ጊዜ ተነሥቷል።

ይህን ቍጥር በቅንነት ማንበብ ይገባል። ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ቀነሰ ማለት ነው እንጂ ደዌው ዳነ ማለት አይደለም። አርባ ዓመት ሲያብጥ የኖረ እግር በሳሙናና በፋሻ እንደ ሕፃን እግር አይሆንም። ነገር ግን ለአንድ ገበሬ በዓመት አራትና አምስት ጊዜ ከአልጋ መነሣት ማለት፣ በዘር ወራት በሬውን ጠምዶ መዋል፣ በአጨዳም ጊዜ ከልጆቹ ጋር መሰለፍ ማለት ነው። የዓለም መንግሥታት ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ ለጤናማ እርጅና የተለየ ዐሥር ዓመት ብለው ሰይመውታል። ጤናማ እርጅና ሲባልም ደዌ ከቶ የሌለበት ዕድሜ ማለት ሳይሆን፣ ሰው የሚወደውን ለመሥራትና ከወዳጆቹ ጋር ለመዋል የሚችልበት ዕድሜ ማለት ነው። ለጎጃም ሽማግሌ ይህ ማለት በእግሩ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ጠብ ሲነሣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማስታረቅ፣ የጐረቤቱን ለቅሶ መድረስ ነው። እነዚህ ሁሉ እግርን ይጠይቃሉ።

አሁን ስለ ዘር የቀረውን ነገር እንናገር፤ አስቸጋሪው ይኸው ነውና። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ሕዝብ መካከል ባደረጉት ምርመራ፣ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ለዚህ ደዌ ከሌሎች ይልቅ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። እንግዲህ አጥንት ቈጣሪዎቹ ሽማግሎች ደዌው በአንዳንድ ቤት ሲደጋገም ማየታቸው ሐሰት አልነበረም። የሳቱት ከዚያ ባወጡት ፍርድ ነው። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ ደዌው አይደለም። አያቱና አባቱ ዝሆኔ የነበረባቸው ልጅ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እግሩ ከአፈር ቢጠበቅ፣ እንደ ማንኛውም ጐረምሳ በጤናማ እግር ያድጋል። ስለዚህ ሽማግሎቹ ያንን ቤት ካወቁ፣ ዕውቀታቸው ጋብቻውን ለማፍረስ ሳይሆን ከሁሉ በፊት ጫማ የሚያስፈልጋቸው ልጆች የትኞቹ እንደ ሆኑ ለማመልከት ቢውል ይሻላል። ይህን ከሐኪሙ ይልቅ በጊዜ ሊያውቅ የሚችለው ማኅበሩ ነው።

ለወደፊቱ የሚቀረው ሥራም ቀላል አይደለም። በበጋ ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቀበሌ በየቀኑ እግርን መታጠብ በሴቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ላይ የሚጫን ተጨማሪ እንስራ ነው። ሳሙናና ካልሲም ዋጋ አላቸው። ጫማ በስጦታ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ባለቀ ጊዜ እግሩ ወደ አፈሩ ይመለሳል። ልጅ እግሩ ያድጋልና በየዓመቱ ሌላ ጫማ ይሻል። ያበጠ እግር ደግሞ በገበያ የሚሸጠው ጫማ ስለማይገባለት ለብቻው የሚለካለትና የሚሰፋለት ሠራተኛ ያስፈልገዋል።

ይሁን እንጂ የጎጃም ሕዝብ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። እግር ማጠብ ከሩቅ የመጣ ትምህርት ሆኖ አልቀረበለትም፤ ከአባቶቹ የወረሰው ነው። ችግሩ ልማዱ መሳሳቱ ብቻ ሳይሆን፣ እግሩ ያበጠው ሰው ከልማዱ ውጭ መደረጉ ነው። ለጤናማው አባት ማታ ማታ ይቀርብ የነበረው ውሃ፣ እግሩ የታመመ አባት ሲሆን ፀያፍ እየተባለ ቀረ፤ እጅግ የሚያስፈልገው ለእርሱ ሆኖ ሳለ። ደዌው በመንካት የማይተላለፍ መሆኑ ዛሬ በእርግጥ ታውቋል። እንግዲህ ምራቲቱ ሳትፈራ ውሃውን ብታቀርብለት፣ አያትዮውም ጧት ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ጫማውን ማድረጉን ቢጠይቅ፣ የሕክምናው ግማሽና የመከላከሉ ሥራ በአንድ ቤት ውስጥ ተፈጸመ ማለት ነው። የቀረውን ግማሽ፣ ይኸውም ውሃውን፣ ሳሙናውንና ጫማውን በየቀበሌው ማድረስ፣ የመንግሥትና የማኅበር ግዴታ ነው።