የአደገኛ ቆሻሻ ድንበር ተሻጋሪ ዝውውርና ቁጥጥሩ

ከጅቡቲ ወደብ የሚነሱ በርካታ ጭነቶች በአዳማ አልፈው ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርሱ በመሆኑ፣ መስመሩ የአደገኛ ቆሻሻን ሕገወጥ ዝውውር ለመከላከል ልዩ ትኩረት ይሻል።

እ.ኤ.አ. በ1989 የፀደቀው የባዝል ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ድንበር የሚሻገረው ተቀባዩ አገር አስቀድሞ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ያለ ፈቃድ ወይም በሐሰተኛ ሰነድ የተላከ ጭነት ሕገወጥ ሲሆን፣ ጥፋቱ የላኪው ከሆነ ጭነቱ በ30 ቀናት ውስጥ ወደመጣበት እንዲመለስ ይደረጋል። በ1991 የፀደቀው የባማኮ ስምምነት ደግሞ አደገኛ ቆሻሻ ከአህጉሪቱ ውጪ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ይከለክላል። ኢትዮጵያ የሁለቱም ስምምነቶች አባል ናት።

የቁጥጥር መላላት የሚያስከትለው ጉዳት በ2006 በአቢጃን ታይቷል። ፕሮቦ ኮዋላ ከተባለችው መርከብ የተራገፈው መርዛማ ቆሻሻ በከተማዋ በመደፋቱ ከ100 ሺህ በላይ ነዋሪዎች የሕክምና እርዳታ ጠይቀዋል።

ሕጋዊው መንገድ በአገራችንም ተሞክሯል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአገልግሎት ጊዜያቸው ያለፈ 1 ሺህ 500 ቶን ገደማ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ከኢትዮጵያ ወደ ፊንላንድ ተልከው እንዲቃጠሉ ተደርጓል።

ፀረ ተባይ በስፋት በሚረጭባቸው በመቂና በባቱ አካባቢዎች ባዶ ዕቃዎችንና የተበላሹ ኬሚካሎችን በጥንቃቄ መያዝ፣ በኬላዎችም «ያገለገለ ዕቃ» ተብለው የሚገቡ ባትሪዎችንና ኤሌክትሮኒክስ መፈተሽ ያስፈልጋል። በአገር ውስጥ ጉዳዩ የሚመራው በአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ነው።