ምስሉ ለምን ይሸሻል?

የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ሰው ሁሉ ይህችን ያውቃታል። ምስሉን ከአንቀጹ ሥር በሥርዓት ታስቀምጣላችሁ፤ «ምስል 3» ብላችሁ መግለጫውን ከሥሩ ትጽፋላችሁ፤ ተመስገን ትላላችሁ። ከዚያ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጨምራላችሁ። በቃ! ምስሉ ብድግ ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል፤ ኢንተር እየመታችሁ ያስለቀቃችሁለት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ መግለጫው ደግሞ እዚያው ባዶው ሥር ቆሞ ስለሌለ ነገር ያወራል።

ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ዘመድ ጓደኛው ሁሉ «ዎርድ ላይ ምስሉ አልቆም አለኝ፣ እስቲ እየው» ይለኛል። ሶፍትዌር መሥራትና ዎርድ ማስተካከል አንድ ሙያ እንዳልሆነ ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። ይልቅ ጥያቄው ራሱ ሳበኝ፦ ይህን ያህል ነገር የሚሠራ ማሽን አንዲት ፎቶ ገጽ ላይ ማቆም ለምን ያቅተዋል? መልሱን ስፈልግ ኮምፒውተሩን አልፌ ብራና ድረስ ሄድኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጽሑፍ እንደ ውሃ ነው፤ መስመር ሲሞላ ወደ ታች ይወርዳል፣ ገጽ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ የትም ላይ ቢቆረጥ አይጎዳም። ምስል ግን ድንጋይ ነው። ግማሹን እዚህ ገጽ፣ ግማሹን እዚያ ገጽ ማድረግ አይቻልም። ቦታው ካልበቃው ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ እሱ ይሄዳል፣ ወይ ጽሑፉ ቦታ ይለቅለታል። መጽሐፍ የሠራ ትውልድ ሁሉ ከዚህ ምርጫ ጋር ታግሏል።

የእኛዎቹ ቁም ጸሐፊዎች ጽሑፉ ቦታ እንዲለቅ ያደርጉ ነበር። ብራናው ይሰመራል፤ ጸሐፊው ለሥዕል የታሰበውን ቦታ ባዶ ትቶ ይጽፋል፤ ሠዓሊው ኋላ ይመጣል። ለዚህ ምስክሮቹ ሳያልቁ የቀሩ መጻሕፍት ናቸው፤ ጽሑፋቸው ተሟልቶ የሥዕሉ ቦታ ክፍቱን የቀረባቸው አሉ። ትልልቆቹ ሥዕሎች ደግሞ ሙሉ ገጽ ይሰጣቸዋል። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉትና በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተገመተው ወንጌሎች፣ ወንጌላውያኑን ገጹን ሙሉ ይዘው እንዲቆሙ አድርገዋል።

መግለጫውም የራሱ ወግ ነበረው። በግእዝ ብራናዎች ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ «ዘከመ…» ብሎ የሚጀምር አጭር ጽሑፍ በብዛት ይገኛል፤ «እንዴት እንደ…» ማለት ነው። እንዴት እንደ ተወለደ፣ እንዴት እንደ ተጠመቀ፣ እንዴት እንደ ተሰቀለ። የቅዱሱ ስም ከራሱ አጠገብ ይጻፋል። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከግርጌ ተደፍቶ ይሣላል፣ ስሙም አብሮት ይቀመጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሥዕሉና ቃሉ ያሉት አንድ ቆዳ ላይ ነው። ሥዕሉ የትም ቢሄድ መግለጫው አብሮ ይሄዳል። ለመለያየት ምላጭ ያስፈልጋል። ምላጭም አልጠፋ፤ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የገባባቸው ብራናዎች ጥቂት አይደሉም። ሥዕሉ ያው ሆኖ፣ ስሙ ሲቀየር ታሪኩ ተቀየረ። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወደ አውሮፓ ማተሚያ ቤቶች እንሻገር። በ1461 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚያው ናቸው) አልብሬክት ፕፊስተር የተባለ የባምበርግ አታሚ በሥዕል የታጀበ የተረት መጽሐፍ አወጣ። መጀመሪያ ጽሑፉን አተመ፤ ከዚያ በተተወው ባዶ ቦታ ላይ ሥዕሉን በሁለተኛ ዙር አሳረፈ። የጸሐፊና የሠዓሊ ሥራ ክፍፍል ማሽን ላይ ተደገመ ማለት ነው። ቆይቶ ግን አታሚዎቹ አንድ ቀላል መንገድ ያዙ። የእርሳስ ፊደል ቀለም የሚቀበለው በጎበጠው ፊቱ ነው፤ ከእንጨት የተቀረጸ ሥዕልም እንደዚያው። ቁመታቸው እኩል ከሆነ ጎን ለጎን ታስረው አንድ ላይ ሊታተሙ ይችላሉ። ሥዕሉ አንድ ትልቅ ፊደል ሆነ።

የዚህ ዘዴ ጉልህ ምስክር በ1493 በኑረንበርግ የታተመው የሃርትማን ሼደል የዓለም ታሪክ ነው። ከ1,800 በላይ ሥዕሎች አሉት። ሥዕልና ጽሑፉ የት የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ በእጅ የተነደፈባቸው ጥራዞች እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል፤ ገጹን ያቆመው ዕድል ሳይሆን ዕቅድ ነበር። ግን አንድ ጉድ አለ። 1,800ው ሥዕል የታተመው ከ645 ገደማ የእንጨት ቅርጾች ነው። አንዱ የከተማ ሥዕል አንድ ቦታ «ደማስቆ»፣ ሌላ ቦታ «ፌራራ»፣ ሌላ ቦታ «ሚላን»፣ ደግሞ «ማንቱዋ» ተብሎ ይቀርባል። ያው ግንብ፣ ያው በር። አንባቢው ከተማውን የሚያውቀው ከሥዕሉ ሳይሆን ከስሙ ነበር።

ከዚያ መዳብ መጣ። የመዳብ ቅርጽ መስመሩ ቀጭን፣ ጥላው ረቂቅ ነው፤ ለሰው አካል፣ ለማሽን፣ ለካርታ ከእንጨት ይበልጣል። ችግሩ ቀለሙ የሚገባው በተቦረቦረው ውስጥ መሆኑ ነው። ከእርሳስ ፊደል ጋር አብሮ አይታሰርም፤ ሌላ መጭመቂያ ይፈልጋል። ስለዚህ ሥዕሎቹ ለብቻ ወረቀት ታትመው በጥረዛ ጊዜ መሀል ላይ ወይም መጨረሻ ላይ ይሰፉ ጀመር። ምስሉ ከጽሑፉ በይፋ ተፋታ። የዲድሮና የዳላምቤር ኢንሳይክሎፔዲ ፍቺውን አሟልቶታል፦ 17 ቅጽ ጽሑፍ፣ 11 ቅጽ ሥዕል። ስለ አንድ መሣሪያ የምታነቡት በአንዱ ቅጽ፣ መሣሪያውን የምታዩት በሌላው።

እንዲህ ሲራራቁ የሚያገናኛቸው ድልድይ ግድ ነው። ድልድዩ ቁጥር ሆነ። ሥዕሉ ቁጥር፣ የሥዕሉ ክፍሎች ፊደል ተሰጣቸው፤ ጽሑፉም «ይህን ቁጥር ተመልከት» እያለ አንባቢውን ይልክ ጀመር። ዛሬ አማካሪያችሁ «ከምስል 3 በፊት በጽሑፉ ውስጥ ጥቀሰው» እያለ የሚያስጨንቃችሁ የዚህ ፍቺ ቅሪት ነው። ቁጥሩ ምስሉ ርቆ ቢሄድም አድራሻው እንዳይጠፋ የተሰጠው መታወቂያ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፎቶን በነጠብጣብ ከፋፍሎ ከፊደል ጋር ማተም ተቻለ፤ የኒው ዮርክ ዴይሊ ግራፊክ ጋዜጣ በመጋቢት 1880 አንዱን አወጣ። ተፋቺዎቹ ታረቁ። ጋዜጣ ቤት ውስጥ መቀስና ሙጫ ይዞ ገጹን የሚያሰናዳ ሰው ነበርና ምስል ቢሸሽ በእጁ ይመልሰዋል።

ኮምፒውተር ያንን ሰው ነው ያስወጣው። በ1977 ዶናልድ ክኑዝ የመጽሐፉን አዲስ እትም የማረሚያ ገጾች አይቶ በፊደሉ መበላሸት ስለተበሳጨ ቴክ የተባለውን የራሱን ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። በ1980ዎቹ ሌስሊ ላምፖርት ላቴክን በላዩ ሲገነባ ለምስል የሰጠው ስም «ተንሳፋፊ» ነው። ሐሳቡ የመዳብ ዘመንን ልምድ ደንብ ማድረግ ነበር፦ ምስሉ ቦታ ካጣ ወደ ገጹ ራስ፣ ወደ ግርጌ ወይም ለብቻው ገጽ ይሂድ፤ ግን ምስል 3 ከምስል 2 አይቅደም። ዋናው ነገር መግለጫው ከምስሉ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ መኖሩ ነው። ሲንሳፈፉ አብረው ይንሳፈፋሉ፤ ልክ እንደ ብራናው።

ዎርድ ሌላ ቃል ገባ፦ የምታዩት የምታገኙት ነው፣ ምስሉን በማውስ ይዛችሁ የፈለጋችሁት ቦታ ጣሉት። ዶክስ ፋይል ከፍታችሁ ብታዩት (ዚፕ ነውና ይከፈታል) ምስሉ ከሁለት ስሞች በአንዱ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ «ኢንላይን» ወይም «አንከር»። ኢንላይን የእንጨት ቅርጹ ነው፤ ምስሉ እንደ ትልቅ ፊደል ከመስመሩ ጋር ይሄዳል። አንከር መልሕቅ ነው፤ ምስሉ ይንሳፈፋል፣ ገመዱ ግን አንድ አንቀጽ ላይ ታስሯል። ያ አንቀጽ ገጽ ሲቀይር ምስሉም ይከተለዋል። ለሚንሳፈፍ ምስል ከሜኑው መግለጫ ብታስገቡ ደግሞ ዎርድ መግለጫውን በሌላ ሣጥን ያደርገዋል፤ የራሱ መልሕቅ ያለው። ሁለት ጀልባ፣ ሁለት መልሕቅ። የገጹ መቁረጫ በሁለቱ መሀል የወደቀ ቀን ምስሉ ሄዶ መግለጫው ይቀራል። ዎርዱ አላበደም፤ ሁለቱ የአንድ ነገር አካል መሆናቸውን የነገረው የለም።

ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ምስሉን ኢንላይን አድርጉት። የምስሉን አንቀጽ ከሚቀጥለው ጋር እንዳይለይ እዘዙት፤ የሚቀጥለው መግለጫው ይሁን። ቁጥሩን በእጅ አትጻፉ፣ ከሜኑው አስገቡት፤ ጽሑፉ ውስጥ ስትጠቅሱትም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ ሁሉን መርጣችሁ ኤፍ9 ስትጫኑ ቁጥሩ ይስተካከላል። ምስሉ መሸሹ አይቀርም፤ ብቻውን ግን አይሸሽም።

ነገሩን ከመመረቂያ ጽሑፍ በላይ የማየው ግን ለሌላ ነው። ባለፉት የጦርነት ዓመታት ስልካችን ላይ ስንት ፎቶ አየን? የሌላ አገር አስከሬን የእኛ ተብሎ፣ የድሮ እሳት የትናንት ተብሎ። ሰው ፎቶውን አይቶ አለቀሰ፣ ተቆጣ፣ ጎረቤቱን ጠላ። የኑረንበርጉ ግንብ ነው፤ ዛሬ ደማስቆ፣ ነገ ሚላን። ፎቶ ፋይል ውስጥ ማን፣ የት፣ መቼ እንዳነሳው የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ብዙዎቹ የመልእክት መተግበሪያዎች ግን ፎቶውን ሲያሳንሱ ያን ጽሑፍ ይጥሉታል። ለሶፍትዌር ሰው ጥቂት ባይት መቆጠብ ነው። ለፎቶው ግን ስሙን መፋቅ ነው፤ የተፋቀ ቦታ ላይ ደግሞ የፈለገ ሰው የፈለገውን ይጽፋል።

እናቶቻችን ፎቶ ሲያስነሱ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ስምና ቀን ይጽፉበታል፦ «ለመታሰቢያ»፣ እንትና፣ በዚህ ዓመት። ቃሉና ምስሉ ያው አንድ ወረቀት ላይ ነው፤ አልበሙ ቢበተን፣ ፎቶው ከከተማ ከተማ ቢዞር፣ ያገኘው ሰው ገልብጦ ያነባል።